ቨርስታፐን ከሬድ ቡል ይውጣ ወይስ ይቆይ? በዝርዝር እንነጋገር

ጠባሴ33 (ደብረ ብርሃን) | ታኅሣሥ 4 ቀን 2018

ሰላም ቤተሰብ። የፎርሙላ ዋን የመጨረሻው፣ የአቡ ዳቢው ውድድር ካለቀ ጀምሮ እዚህ ቤት «ይውጣ» እና «ይቆይ» ከሚል ጩኸት ሌላ የሚነበብ ጠፋ። ኖሪስ 423፣ ቨርስታፐን 421፣ ፒያስትሪ 410። በሁለት ነጥብ ዋንጫ ያመለጠው ሰው ኮንትራቱ እስከ 2028 ነው። ግን ከ2026 ጀምሮ መኪናውም ሞተሩም ሌላ ስለሚሆን ነገሩ በኮንትራት ብቻ አይዘጋም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ አንድ አሽከርካሪ ቡድን ልቀይር ሲል በተግባር የሚያየው ምኑን ነው? ኮንትራቱን፣ ሞተሩን፣ የንድፍ ሰዎቹን፣ ፍሬንና መሪውን የምታውቁ በቁጥር አስቀምጡልን። ቀኑ በእኛ፣ የውድድር ዓመቱ በፈረንጅ ይሁን፤ አለዚያ እንደ ባለፈው እንደናገራለን። «ሀሚልተን ነፍሴ» የሚል ወደ ሌላው ክር ይሂድልኝ።

---

ውል_አንባቢ (ደብረ ሲና) | ታኅሣሥ 4

ከኮንትራቱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚያ ላይ ነውና። «እስከ 2028 ፈርሟል» ማለት ታስሯል ማለት አይደለም። በዚህ ደረጃ ያለ አሽከርካሪ ኮንትራት ውስጥ የውጤት አንቀጽ የሚባል አለ፦ በተወሰነ ቀን በነጥብ ሰንጠረዡ ላይ ከዚህ ደረጃ በታች ከሆንኩ ልሂድ የሚል። ቨርስታፐን እንዲህ ያለ አንቀጽ እንዳለው በጊዜው የሬድ ቡል አማካሪ የነበረው ሄልሙት ማርኮ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። የ2025ቱ መለኪያ በነሐሴው ዕረፍት ዋዜማ ከሦስተኛ በታች መሆን ነው ተብሎ በሰፊው ተዘግቦ ነበር፤ ማክስ (ቨርስታፐን) በዚያን ጊዜ ሦስተኛ ነበርና በሩ አልተከፈተም። ሃንጋሪ ላይም በ2026 እንደሚቆይ በአፉ ተናገረ።

ቀኑ ለምን በዓመቱ መካከል ይሆናል? ተቀባዩ ቡድን የሚቀጥለውን ዓመት መኪና የሚነድፈው ከዚያ ጀምሮ ስለሆነ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ የሚከፈት በር ጥሩ መቀመጫ አያስገኝም፤ ሁሉም ተይዟል።

ሌላው መንገድ ሀሚልተን የሄደበት ነው። በ2023 ክረምት ከመርሴዲስ ጋር ሁለት ዓመት ፈረመ ተባለ፤ የካቲት 1 ቀን 2024 (በፈረንጅ) ፌራሪ መግባቱ ታወጀ። ሁለተኛውን ዓመት መተው የሚያስችል መብት በኮንትራቱ ውስጥ ነበረው። ማንም ኮንትራት አላፈረሰም።

ተፈራርሞ ወዲያ ወዲህ የሚል ካለ ጄኔቫ የኮንትራት ዕውቅና ቦርድ አለ። ኮንትራቶች እዚያ ይመዘገባሉ፣ ሁለት ቡድን አንድ ሰው «የኔ ነው» ሲል ጠበቆቹ ቁጭ ብለው ይወስናሉ። የፒያስትሪን ጉዳይ አስታውሱ፦ አልፒን በ2022 ነሐሴ 2 (በፈረንጅ) ለ2023 የኛ ነው ብሎ አወጀ፣ ልጁ በዚያው ቀን አልፈረምኩም አለ፣ ቦርዱ ከአንድ ወር በኋላ የሚጸናው ከማክላረን ጋር ሐምሌ 4 የተፈረመው ብቻ ነው ብሎ ፈረደ። አልፒን ያቀረበው ሰነድ አሳሪ የውድድር ኮንትራት አልነበረም። በ2004 ባተንም ወደ ዊሊያምስ ልሂድ ብሎ ቦርዱ ለነበረበት ቡድን ለባር ፈርዶበታል። በዓመቱ ደግሞ ባተን ራሱ በባር መቆየት ፈልጎ፣ ከዊሊያምስ ለመቅረት ገንዘብ ከፍሎ ነው የተገላገለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሽከርካሪ ደመወዝ በቡድኖች የወጪ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ «ማክስን ከገዙ መኪናውን የሚሠሩበት ያጣሉ» የሚለው ክርክር ውኃ አያነሳም።

---

ሞላሌ_ነፋስ (መንዝ) | ታኅሣሥ 4

ውል_አንባቢ ጥሩ ጀመርከው። እኔ ሰው የማያያትን አንዲት ሠንጠረዥ ላምጣ፦ የዊንድ ተነል ሰዓት።

ቡድኖች ሞዴል ሠርተው ነፋስ የሚነፉበት ክፍል (የነፋስ ዋሻ) ውስጥ የፈለጉትን ያህል መሥራት አይችሉም። ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና 60 በመቶ አይበልጥም፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 50 ሜትር (180 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ነው። መነሻው በስምንት ሳምንት ገደማ 320 ሙከራ ነው፤ ከዚያ በደረጃ ይባዛል። አንደኛው 70 በመቶ፣ ሁለተኛው 75፣ እያለ በ5 እየጨመረ ሰባተኛው 100፣ አሥረኛው 115 ይደርሳል። በኮምፒውተር የሚሠራው የአየር ስሌትም በዚሁ ሚዛን ነው።

የ2025ን ውጤት በዚህ ላይ አስቀምጡት። ማክላረን 224 ሙከራ። መርሴዲስ 240። ሬድ ቡል ሦስተኛ ስለወጣ 256። ፌራሪ 272። አስተን ማርቲን ሰባተኛ ነው፣ ሙሉውን 320 ያገኛል፤ ከሬድ ቡል 64 ይበልጣል፣ ከማክላረን 96። አልፒን መጨረሻ ወጥቶ 368።

ይህ እስከ ሰኔ መጨረሻ (በፈረንጁ ሰኔ 30) ብቻ ነው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በዚያ ቀን ባለው ደረጃ እንደገና ይሰላል። እንግዲህ በ2026 መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ የቀረ ግን ጥሩ ሰው ያለው ቡድን የ2027ን መኪና የሚሠራው ብዙ ሰዓት ይዞ ነው። ቡድን መቀየር የሚፈልግ ሰው ዘንድሮ ማን አሸነፈ ብሎ አይጠይቅም፤ በ2027 የሚነዳውን መኪና ማን በስንት ሙከራ ይሠራዋል ብሎ ነው።

ግን ብዙ ሰዓት ብቻውን ዳቦ አይሆንም። ዋናው ችግር ዋሻው ውስጥ የተለካው ነገር አስፋልት ላይ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ሬድ ቡል በ2024 አጋማሽ የተቸገረው በዚህ ነው፦ አዲሱ ክፍል በሞዴሉ ላይ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል፣ መኪናው ላይ ሲገጠም የፊቱና የኋላው ሚዛን ይዛባል። መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው፦ የጎማው ጎን ጫና ሲበዛበት የሚያብጥበት መንገድ፣ የወለሉ መታጠፍ፣ የዋሻው ዕድሜ። አስተን ማርቲን ሲልቨርስተን ላይ አዲስ ዋሻ ሠርቶ በ2025 ሥራ አስጀምሯል። አዲስ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከመንገዱ ጋር እስኪስማማ ግን ጊዜ ይበላል።

---

ጠባሴ33 | ታኅሣሥ 5

ሞላሌ እግዜር ይስጥልኝ፣ 64ቱን አላውቅም ነበር። እንግዲያው የመኪና ነዳፊው ኒውዌይ ያለበት አስተን ማርቲን 320 ሙከራ ይዞ፣ የሆንዳ ሞተር ለብቻው ይዞ፣ የአሽከርካሪው የአሎንሶ ኮንትራት ደግሞ በ2026 መጨረሻ ያበቃል። ይሄ ለማክስ የተዘጋጀ ወንበር አይመስላችሁም?

---

ቆላ_ሞተር (ሸዋ ሮቢት) | ታኅሣሥ 5

አትቸኩል ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሞተሩን እንክፈተው።

የ2025ቱ ሞተር ከነዳጁ 550 ኪሎዋት ገደማ፣ ከኤሌክትሪኩ 120 ኪሎዋት ያወጣ ነበር። በ2026 ነዳጁ ወደ 400 ገደማ ይወርዳል፣ ኤሌክትሪኩ 350 ይሆናል። 1.6 ሊትር ቪ6 ተርቦነቱ አልተለወጠም። በተርቦው ዘንግ ላይ የነበረው ኤምጂዩ-ኤች የሚባለው የኤሌክትሪክ ሞተር ቀርቷል። እሱ ነበር አሽከርካሪው ነዳጅ ሳይረግጥ ተርቦውን የሚያሽከረክረው። ስለዚህ ከጠባብ ኩርባ ሲወጣ የሞተሩ መዘግየት ይመለሳል ማለት ነው። ነዳጁም ከድፍድፍ ዘይት ያልተገኘ፣ መቶ በመቶ ዘላቂ የሚባለው ይሆናል።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። ባትሪው በአንድ ጊዜ ሊጠቀሙበት የሚችሉት 4 ሜጋጁል ነው። 350 ኪሎዋት ሙሉውን ቢያወጡት 4,000 ለ350 ሲካፈል 11 ሰከንድ ተኩል አይሞላም። በአንድ ዙር መልሰው መሰብሰብ የሚፈቀድላቸው ወደ 8.5 ሜጋጁል ነው፣ ያ 24 ሰከንድ ነው። ዙሩ ግን 80 ወይም 90 ሰከንድ ይፈጃል። የቀረውን በ400 ኪሎዋት ነዳጅ መግፋት አለብህ። በዚያ ላይ ከ290 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ኤሌክትሪኩ እየቀነሰ 345 ላይ ዜሮ ይገባል። ከፊቱ ያለውን ለማለፍ የቀረበ መኪና ብቻ እስከ 337 ድረስ ሙሉውን ያገኛል።

ስለዚህ በ2026 ፈጣን የሚሆነው ብዙ ፈረስ ጉልበት ያለው ብቻ አይደለም፤ ኃይሉን መቼ አውጥቶ መቼ እንደሚሰበስብ የሚወስን ሶፍትዌር ያለው ነው። እዚህ ላይ ሞተሩን ራሱ የሚሠራ ቡድን አንድ ብልጫ አለው፦ ራዲያተሩን፣ የባትሪውን ቦታና የኋላውን አካል ከሞተሩ ጋር አብሮ ይነድፋል። ገዥው የተሰጠውን ይገጥማል።

አሰላለፉ ይህን ይመስላል። መርሴዲስ ለራሱ፣ ለማክላረን፣ ለዊሊያምስ፣ ለአልፒን። ፌራሪ ለራሱ፣ ለሀስ፣ ለአዲሱ ካዲላክ። ሬድ ቡል ከፎርድ ጋር የሠራው ለራሱና ለታናሽ ቡድኑ። ሆንዳ ለአስተን ማርቲን ብቻ። አውዲ ለራሱ ብቻ። ከእነዚህ ውስጥ ሬድ ቡልና አውዲ ከዚህ በፊት የፎርሙላ ዋን ሞተር ሠርተው አያውቁም። ማክስ በ2026 የሚነዳው ሬድ ቡል በ2021 ባቋቋመው ፋብሪካ የተሠራውን የመጀመሪያውን ሞተር ነው። ዋናው ስጋት እዚህ ነው፣ ስለ ክንፍ ብዙ አታውሩ።

መቼም መውደቂያ ትራስ አለው። የስፖርቱ የበላይ አካል ኤፍአይኤ በየስድስት ውድድሩ የነዳጅ ሞተሮቹን አቅም ይለካል፤ ከምርጡ ከ2 በመቶ በላይ ወደ ኋላ የቀረ ተጨማሪ ማሻሻያ ይፈቀድለታል፣ ከ4 በላይ ከሆነ ሁለት። ግን ስድስት ውድድር ጠብቆ፣ አዲሱን ክፍል ሠርቶ፣ በመፈተሻ ላይ አሽከርክሮ ለማስገባት ስንት ወር ያልፋል? ኮንትራት ላይ ያለው ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

---

ምንጃር_ሰርገኛ (አረርቲ) | ታኅሣሥ 5

@ቆላ_ሞተር «ሞተሩን የሚሠራ ቡድን ብልጫ አለው» ያልከው ከመጽሐፍ አያልፍም። ማክላረን ሞተር ገዢ ሆኖ በ2024ም በ2025ም የቡድኖችን ዋንጫ በልቷል፣ በ2025 በ833 ነጥብ። ሻጩ መርሴዲስ 469።

---

ቆላ_ሞተር | ታኅሣሥ 5

ልክ ነህ፣ ግን ያ በተመሳሳይ ሕግ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ሞተሩ በ2022 ስለታሰረ (ማሻሻል ስለተከለከለ) ሁሉም ተቀራርቦ ነበር። ሕጉ አዲስ ሲሆን በ2014 የሆነውን እይ፦ መርሴዲስ ከ19 ውድድር 16ቱን ወሰደ፣ ያንኑ ሞተር የገዙት ግን አንድም አላሸነፉም።

---

ምንጃር_ሰርገኛ | ታኅሣሥ 6

እሺ፣ 2014ን ካነሳህ ወደ ታሪኩ እንግባ፤ እዚህ ክር ላይ ማስረጃ የሚባለው እሱ ነው። አንድ ዓይነት ስሌት አስልተው ሁለት ሰዎች የተለያየ ቦታ ገብተዋል።

ሀሚልተን በ2012 መስከረም ላይ ማክላረንን ትቶ መርሴዲስ ሲገባ ሁሉም ሳቀበት። መርሴዲስ በዚያ ዓመት በቡድን አምስተኛ ነበር፣ ያሸነፈውም አንድ ውድድር፣ ሮዝበርግ ቻይና ላይ። ስሌቱ ግን የ2014 ሞተር ነበር፦ ፋብሪካው ለአዲሱ ሕግ ቀድሞ ገንዘብና ሰው አፍስሷል። ማክላረን በ2013 አንድም ጊዜ ከሦስቱ ገብቶ መድረክ ላይ እንኳ አልወጣም። ሀሚልተን በሁለተኛ ዓመቱ ቻምፒዮን።

አሎንሶ በ2015 ያንኑ ስሌት አሰላ። ፌራሪ በገዛ ሞተሩ መርሴዲስን አይደርስበትም፣ ሆንዳ ደግሞ ለማክላረን ብቻ ሊሠራ ነው፣ ስለዚህ ወደ ማክላረን። የዓመቱ ውጤት 11 ነጥብ። ባተን 16፣ ቡድኑ በ27 ነጥብ ዘጠነኛ። ለምን ከሸፈ? ሆንዳ ከሌሎቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ገባ። ማክላረን የመኪናውን ጀርባ እጅግ ጠባብ አድርጎ ስለነደፈ ሞተሩ ትንሽ ተርቦና ትንሽ መጭመቂያ ይዞ በጠባብ ቦታ ታሸገ፤ ኤምጂዩ-ኤቹ በሙቀት እየተቃጠለ ኤሌክትሪኩ ቀጥታው መንገድ መሃል ላይ ያልቅ ነበር። ለማስተካከል ደግሞ በዓመት የሚፈቀደው ለውጥ በቶክን የተቆጠረ ነው። ችግሩን እያወቁት መቀየር አልቻሉም።

በ2021 ያው ሆንዳ ማክስን ቻምፒዮን አደረገው። የአሎንሶ ግምት ልክ ነበር፤ ስድስት ዓመት ነው የቀደመው።

እና ጠባሴ፣ «ሆንዳ ለአስተን ማርቲን ብቻ» ብለህ ስትደሰት እኔ ደነገጥኩ። ሆንዳ በ2021 መጨረሻ ስፖርቱን እተዋለሁ ብሎ የሞተር መሐንዲሶቹን በትኖ ነበር፤ ለሬድ ቡል እስከ 2025 ያቀረበው የታሰረውን ሞተር ነው። ለ2026 ሰው መልሶ መሰብሰብ ነበረበት። ኒውዌይም ለቡድኑ የደረሰው በ2025 መጋቢት (በፈረንጅ) ነው፣ ቡድኖች ደግሞ የ2026ን የአየር ሥራ ከዚያ ዓመት ጥር ጀምሮ ነበር እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው። ሁለት ወር አምልጦታል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ነድፎ ብቻ አይደለም፣ የቡድን አለቃም እሱ ይሆናል ተብሏል። ሠዓሊውን የቢሮ ማኅተም አስይዞ ሥዕሉ ይፋጠናል ብሎ መጠበቅ ለኔ አይገባኝም።

---

አንኮበር_ቁልቁለት (አንኮበር) | ታኅሣሥ 6

ሁላችሁም ስለ ፋብሪካ አወራችሁ፤ እኔ ሰውየው ስለሚቀመጥበት ጉድጓድ ልናገር። ሀሚልተን በ2025 በፌራሪ ስድስተኛ ሲወጣ፣ ሻንጋይ ላይ የቅዳሜውን አጭር ውድድር አሸንፎ በእሁዶቹ ግን አንድም ጊዜ መድረክ ሳይወጣ ሲቀር፣ ምክንያቱ ግማሹ እዚያ ነው።

ፍሬኑ። የካርቦን ዲስክ ቀዝቃዛ ሲሆን አይነክስም፣ በቂ ሙቀት ሲያገኝ በድንገት ይነክሳል፣ እስከ 1,000 ዲግሪ ይግላል። ፔዳሉ በመጀመሪያው ቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ይረገጣል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ሲወርድ ወደ ታች የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ እግሩ በልኩ ይላላል። ያቺ የመላላት ልክ በእግር ትዝታ የተያዘች ናት። አምራቹ ሲለያይ ዲስኩ የሚነክስበት ቅጽበት ይለያያል። ጎማው ቶሎ ከቆለፈ አሽከርካሪው መጠራጠር ይጀምራል፣ አምስት ሜትር ቀድሞ ይይዛል፣ ዙሩ ላይ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ጠፋ።

ከፍሬኑ ጋር ሞተሩ የሚይዘው ኃይል አለ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በከባድ ማርሽ የሚወርድ አይሱዙ እንደሚያደርገው፣ ሞተሩ ራሱ የኋላውን ጎማ ይይዛል። ፌራሪዎች ይህን መኪናውን ወደ ኩርባው ለማዞር ብዙ ይጠቀሙበታል። ሀሚልተን ግን በቀድሞ ቡድኑ በዚህ መንገድ ነድቶ እንደማያውቅ በራሱ አንደበት ተናግሯል። የኋላው ሲያዝ አፍንጫው ይገባል፤ ያልለመደ ሰው ግን ጭራው ሊወጣበት ነው ብሎ መሪውን ይመልሳል።

አሁን 2026ን አስቡ። ቅድም ቆላ_ሞተር ያለው 350 ኪሎዋት ለማውጣት ብቻ አይደለም፣ ለመሰብሰብም ነው። የኋላው ጎማ አብዛኛው ፍሬን በኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሆናል፣ ዲስኩ ረዳት ነው። በሁለቱ መካከል የሚያስታርቀው ኮምፒውተር ነው። ባትሪው ከሞላ መሰብሰብ ያቆማል፣ ዲስኩ በዚያች ቅጽበት ሊተካው ይገባል፤ መተካቱ ትንሽ ከዘገየ መኪናው ወደፊት ይሸሻል፣ ከቸኮለ የኋላው ይቆልፋል። የሁሉም አሽከርካሪ የእግር ልምድ ዘንድሮ ባዶ ስለሚሆን፣ ሕግ በተቀየረበት ዓመት ቡድን መቀየር ከሌላ ጊዜ ይልቅ ዋጋው ርካሽ ነው። ማክስ የዚህን ዕድል ትቶታል። በ2027 የሚቀይር ከሆነ አዲሱ ቡድን ያሉት ሰዎች አንድ ዓመት ይቀድሙታል።

ወንበሩም አለ። አሽከርካሪው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ መሪውን ጨብጦ፣ እግሩን ፔዳል ላይ አድርጎ ትልቅ ከረጢት ላይ ይቀመጣል፤ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ከረጢቱ ውስጥ ይፈስሳል፣ አብጦ በጀርባው ቅርጽ ይደርቃል። ያንን በስካነር አንስተው በካርቦን ይሠሩታል። አረፋው ሲደርቅ ትከሻው ከፍ ብሎ ከነበረ ቀበቶው ሲጠብቅ ዳሌው ላይ ክፍተት ይቀራል። ፍሬን ሲይዝ በ5 ጂ (በስበት አምስት እጥፍ ኃይል) ወደፊት ይንሸራተታል፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ ያለው ኃይል ይዛባል፣ ዳሌው ይላጣል። ድጋሚ ይሠራል እንጂ በስፖንጅ አይጠጋገንም። አሽከርካሪው ከነወንበሩ ቢያንስ 82 ኪሎ መሆን አለበት፣ ቀላል ከሆነ ክብደት ይጨመርለታል።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። መደበኛ አሽከርካሪ በአሮጌ መኪና በዓመት ከአራት ቀንና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ የሚፈርም ሰው ኮንትራቱ ላይ «የቀድሞው ቡድን ለአቡ ዳቢው የታኅሣሥ ሙከራ ይለቀኛል ወይ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሳይንዝ በ2024 ከፌራሪ ተለቆ ዊሊያምስን በዚያ ሞከረ። ሀሚልተን ግን ፌራሪን የጀመረው ጥር ላይ ፊዮራኖ ውስጥ በአሮጌ መኪና ነው። በውጤታቸው ላይ ልዩነቱ ታይቷል፦ ሳይንዝ ባኩ ላይም ኳታር ላይም ሦስተኛ ወጥቷል፣ በዊሊያምስ!

---

እመቤት_ከመሃል_ሜዳ | ታኅሣሥ 7

አንኮበር አንጀቴን ነው ያራስከው። የረሳችሁት ግን የሬዲዮው ሰው ነው። የማክስ የውድድር መሐንዲስ ላምቢያሴ ከ2016 ጀምሮ አብሮት ነው። በሬዲዮ «አፍንጫው አይገባም» ሲለው የትኛው ኩርባ፣ ፍሬን ሲይዝ ነው ሲለቅ፣ የትኛው ጎማ እንደሆነ ሳይጠይቀው ያውቀዋል። አዲስ መሐንዲስ ይህን ለመልመድ ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል።

ሹማኸር በ1996 ፌራሪ ሲገባ ብቻውን ነበር፣ ሦስት ውድድር አሸነፈ። መሐንዲሶቹ ብራውንና በርን ሲከተሉት ነው ነገሩ የተለወጠው፣ ያም ሆኖ የፌራሪ የመጀመሪያ ዋንጫው 2000 ላይ ነው፣ አምስተኛ ዓመቱ። ቪልነቭ ደግሞ የ1997 ቻምፒዮን ሆኖ ለአዲስ ቡድን ባር በ1999 ሲሄድ የመጀመሪያዎቹን 11 ውድድሮች አንዱንም አልጨረሰም፣ ዓመቱን በዜሮ ነጥብ። ሰዎቹ አዲስ፣ መኪናው አዲስ፣ ሁሉም አዲስ።

ስለዚህ ማክስ ሊጠይቅ የሚገባው ከደመወዙ በፊት «ላምቢያሴንና የመኪናውን ቁጥር የሚተነትነውን ሠራተኛ ይዤ ልምጣ ወይ? እነሱስ ከሬድ ቡል ስንት ወር ታግደው ይቀመጣሉ?» ነው። ትልልቅ መሐንዲሶች ቡድን ሲቀይሩ ስድስት ወርም ዓመትም ከሥራ ውጭ ይቀመጣሉ። አሽከርካሪው ጥር ላይ ገብቶ ሰውየው መስከረም ላይ ቢደርስ ዓመቱ አለቀ።

---

ጠባሴ33 | ታኅሣሥ 7

እትዬ እመቤት ትክክል ነሽ። አንድ ጥያቄ ላክል፣ ይሄ ለደጋ ሰው ነው። ሜክሲኮ ከፍታ ላይ ነው፣ ማክስ አምስት ጊዜ አሸንፎበታል፣ ዘንድሮ ግን ኖሪስ በ31 ሰከንድ ቀጣው። የሞተሩን ደካማነት ያሳያል?

---

ሞላሌ_ነፋስ | ታኅሣሥ 7

አያሳይም ጠባሴ። የሜክሲኮው ትራክ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አንተ ያለህበት ደብረ ብርሃን 2,840 ላይ ሩብ ያህሉ የለም። አየር ሲሳሳ ተርቦ ያለው ሞተር ተርቦውን አብልጦ በማሽከርከር ጉድለቱን ይሞላል። ክንፍ ግን መሙያ የለውም። ትልቁን ክንፍ ገጥመው የሚያገኙት ጫና በፈጣኑ የሞንዛ ትራክ በትንሹ ክንፍ የሚያገኙትን ያህል ነው። ራዲያተሩም ፍሬኑም የሚቀዘቅዝበት አየር ስለሚያጥር የሞተሩን ክዳን ቀዳዳ ያሰፋሉ፣ መኪናው ዘገየ። በዚያ ትራክ የሚፈተነው ማቀዝቀዣና ከጎማ የሚገኝ መያዣ ነው። ማክስ በዚያ ያሸነፈው ሁለቱን በሬኖ ሞተር፣ ሦስቱን በሆንዳ ሥራ ነው። ሞተሩ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ አይሆኑም ነበር።

የ2026 ሜክሲኮ ግን ሌላ ነው፦ ተርቦውን የሚያሽከረክረው ኤምጂዩ-ኤች ስለሌለ ማን ተርቦውን በልኩ እንደሠራ እዚያ ይታያል። ያኔ ጥቅምት ነው፣ ፊርማው አልፏል።

---

ውል_አንባቢ | ታኅሣሥ 8

አንድ ቁጥር ማንም አላነሳም። የሬድ ቡል የ2025 ነጥብ 451፣ የማክስ 421። በሁለተኛው መኪና የመጣው 30 ብቻ። ማክላረን 833ን ሲያገኝ 423 እና 410 ተደማምሮ ነው። ሪካርዶ በ2018 መጨረሻ ከሄደ ወዲህ ያንን ሁለተኛ ወንበር ጋስሊ፣ አልቦን፣ ፔሬዝ፣ ላውሰን፣ ሱኖዳ ቀምሰውታል፣ አሁን ሐጃር ነው። ላውሰን ሁለት ውድድር ነው የቆየው።

ይህ ለማክስ ጥቅምም ጉዳትም ነው። ጥቅሙ መኪናው በእሱ እጅ ልክ ይሠራል፤ አፍንጫው ስለታም፣ ጭራው ልል፣ ሌላው ሰው አይችለውም። ጉዳቱ ደግሞ በስትራቴጂ የሚያግዘው ሁለተኛ መኪና የለም፣ መሐንዲሶቹም አዲሱ ክፍል ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለኩት በአንድ ሰው ነው፤ ማክስ ችግሩን ይሸፍነዋል። ወደ ሌላ ቡድን ቢሄድ ያ ቡድን ለሁለት ሰው የሚሆን መኪና ሲሠራ የኖረ ነው። ሪካርዶ ማክላረን ሲገባ የሆነውን አይተናል፦ በ2021 ሞንዛን አሸነፈ፣ ግን መኪናው እሱ በለመደው መንገድ ኩርባ አይገባም ነበር፣ ኖሪስ በየሳምንቱ ቀደመው፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ፈረሰ።

---

ምንጃር_ሰርገኛ | ታኅሣሥ 8

የኔ ፍርድ፦ ይቆይ፣ ግን አይፈርም። የ2026ን ግማሽ ዓመት አይቶ፣ ሞተሩ ካልሆነ በውጤት አንቀጹ ይውጣ። ከወጣም ወደ መርሴዲስ እንጂ ወደ አስተን አይደለም።

---

ቆላ_ሞተር | ታኅሣሥ 8

ሞተሩን በውጤት አትመዝኑ፣ በቆጣሪ መዝኑት። ሙከራዎቹ ከጥር 18 ጀምሮ ባርሴሎና በዝግ፣ ከዚያ ባሕሬን ከየካቲት 4 እና ከየካቲት 11 ጀምሮ ሦስት ሦስት ቀን ናቸው። የዙሩን ሰዓት ተዉት፤ ነዳጅ ስንት ኪሎ እንደጫነ አታውቁም። የሚታየው ሦስት ነገር ነው። አንድ ቀን ላይ ከመቶ ዙር በላይ መሮጥ ይችላል ወይ፤ አዲስ ሞተር የሚወድቀው በባትሪ ማቀዝቀዣ፣ በዘይት መፍሰስና በሶፍትዌር ነው፣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሰዓት ክዳኑ ተነሥቶ ከቆመ የሽቦ ጉዳይ አይደለም፣ ሞተሩ ወርዷል። ሁለተኛ፣ በቀጥታው መንገድ መጨረሻ 200 ሜትር ላይ ድምፁ እየወረደ ፍጥነቱ ከቆመ ወይም ከቀነሰ ባትሪው ደርቋል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በ15 ዙር ተከታታይ ሩጫ ውስጥ ያ የሚያልቅበት ቦታ በየዙሩ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ የሚሰበስበው ከሚያወጣው ያንሳል።

ሬድ ቡል እነዚህን ካለፈ ማክስ የትም አይሄድም። ካላለፈ ግን ሜልበርን ላይ ሁለተኛ ቢወጣም አትታለሉ፤ ሜልበርን ላይ ፍሬን በኃይል የሚያዝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ባትሪ ይቸገራል።

---

እመቤት_ከመሃል_ሜዳ | ታኅሣሥ 9

የሜልበርኑ የካቲት 29፣ እሁድ ማለዳ 1 ሰዓት ገደማ በእኛ ነው። ቆላ፣ የፍጥነት መለኪያው ሰንጠረዥ ከውድድሩ በኋላ በኤፍአይኤ ገጽ ላይ ይወጣል፤ የቀጥታውን ከፍተኛ ፍጥነት ከመጨረሻ መስመሩ ፍጥነት ጋር አስተያይተህ እዚሁ ክር ላይ ለጥፍልን። የሬድ ቡሉንና የታናሽ ቡድኑን ለየብቻ አድርገው፣ ሞተሩ አንድ ነውና ክንፉን ከሞተሩ የምንለየው በዚያ ነው።